የቲዝል አባት

ሙንጎ የቀበሮ አር ሲያገኝ እንደ ሽቶ ነው የሚቀባው። መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ በመጨረሻም አራት እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጀርባውን በሙሉ ያሽበታል። ኖሪን ወንዙ ዳር ሜዳው ላይ ቆማ፣ ቦት ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ "ተው ብያለሁ፣ አንተ ውሻ" እያለች ትጮሃለች። መስማቱንማ ይሰማል። እነዚያ ረጃጅም ጆሮዎቹ ግን የተሰጡት ለጌጥ ነው።

ውሻው የሷ አልነበረም። ልጇ ሊድስ ውስጥ ውሻ የማይፈቀድበት አፓርታማ ሲከራይ "ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዢልኝ፣ እማዬ" ብሎ ጥሎባት ሄደ። ይኸው ሦስተኛ ክረምቷ። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሺር ውስጥ ክረምት ገባ ማለት ደግሞ ሰማዩ ተቀደደ ማለት ነው። መኪናዋ እርጥብ ውሻ ይሸታል፣ መጋረጃዋ እርጥብ ውሻ ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ቤት ውስጥ ከኋላዋ የተሰለፈች ሴት ቃል ሳትተነፍስ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለችባት።

በዚያ ሜዳ የምትወዳጀው ሰው ቢኖር የቲዝልን አባት ብቻ ነው። ቲዝል ጠጉሯ የተንጨባረረ ቡናማ ውሻ ናት፤ አባቷ ከሷ በቀር በቤታቸው ሰው የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይገናኛሉ። እሳቸው "የሙንጎ እናት፣ ዛሬም ጎተተሽ?" ይሏታል። እሷም "የቲዝል አባት፣ ዝም ይበሉ ባክዎ" ትላቸዋለች። ስም ተጠያይቀው አያውቁም። የመጀመሪያ ቀን ሳይጠያየቁ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቁ ነውር ሆነ። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የሚጠራው በውሻው ነው።

ያን ቀን ቲዝል ብቻዋን መጣች። ማሰሪያዋን ጭቃ ላይ እየጎተተች ደርሳ ሙንጎ ከተንከባለለበት የቀበሮ አር ላይ እሷም ተንከባለለች፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ መጣችበት ተፈተለኩ። ኖሪን እየተንሸራተተች፣ አንዴም በግንባሯ ተደፍታ ተከተለቻቸው። ሽማግሌው የእንጨት አጥሩ ስር ወድቀዋል። ውሾቹ ላያቸው ላይ ወጥተው ጅራታቸውን እየወዘወዙ ፊታቸውን ይልሳሉ፣ አሩን ካፖርታቸው ላይ ይለቀልቃሉ።

"ዳሌዬ" አሉ ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው።

ኖሪን ለአምቡላንስ ደወለች።

"የተጎጂው ስም?" አለች ስልክ ያነሳችው ሴት።

"የቲዝል አባት።"

"እሱ የማነው ስም?"

"የውሻ።"

ጎንበስ ብላ "ስምዎ ማነው?" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አፈረች። ሦስት ክረምት ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ሙንጎ ተቅማጥ ያወራቻቸውን ሰው፣ ጭቃ ውስጥ ተዘርረው ሳሉ ማን ነዎት ብሎ መጠየቅ ከበዳት። "ሽማግሌ ናቸው፣ ወንዙ ዳር ሜዳው ላይ ወድቀዋል፣ ቶሎ ኑ ብቻ" ብላ ዘጋች።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሁለቱ ውሾች ጥንቸል አይተው ጠፍተዋል። ሽማግሌው በቃሬዛ ላይ ሆነው "ቲዝል፣ ቲዝል" እያሉ ተጣሩ። "እሷ ሳትገኝ የትም አልሄድም" እያሉ ሳለ በሩ ተዘጋባቸው። ኖሪን "እኔ እፈልጋታለሁ" ብላ ጮኸች። ሞተሩ ድምጿን ዋጠው።

ውሾቹን ስትይዛቸው ሊመሽ ምንም አልቀረውም። ቤት አስገብታ ሁለቱንም ገንዳ ውስጥ ከተተቻቸው። ቲዝል አንዴ ስትራገፍ ጭቃው ጣሪያ ደረሰ። ሙንጎ አፍንጫው ላይ አረፋ ይዞ የእንግዳዋን ጆሮ በፍቅር ይልስላታል። ኖሪን ሳትወድ በግዷ ሳቀች፤ ፎጣዎቿን ስታይ ሳቁ ጠፋባት።

ሆስፒታል ደወለች። ያለ ስም ምንም አንነግርም አሏት። አሁን በራሷ ተናደደች። ውሻዬ ጠፋች ብለው ነፍሳቸው የተንጠለጠለች ሰው እዚያ አሉ፤ ውሻቸው እዚህ ሶፋዋን እያጨማለቀች ነው፤ በመሃል ያለው የሷ እፍረት ብቻ ነው። ካፖርቷን ሳትቀይር መኪናዋን አስነሳች።

"ዝምድናችሁ ምንድን ነው?" አላት እንግዳ ተቀባዩ።

"ውሾቻችን ይተዋወቃሉ።"

ሰውየው አፍንጫውን በእጁ ሸፍኖ ልትወጣ እንደምትችል ነገራት። ኖሪን አልወጣም አለች። ሲጨቃጨቁ በዚያ የምታልፍ ነርስ ቆም አለችና አሸተተች።

"ይሄን ግማት አውቀዋለሁ" አለች። "ፎቅ ላይ የተኙ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ብናጥባቸው፣ ብናጥባቸው አልለቃቸውም። ቀዶ ጥገና ይግቡ ስንላቸው ውሻዬን አምጡ ይላሉ። በዘገዩ ቁጥር ይብስባቸዋል፤ ሐኪሙም ጨንቆታል።"

ነርሷ ፎቅ ይዛት ወጣች። ሽማግሌው ነጭ አንሶላ ውስጥ በጣም አንሰው ታዩዋት። ገና ከበሩ "ቲዝልስ?" አሉ።

"እኔ ቤት ናት። ሶፋዬ ላይ። ሶፋዬ አልቆለታል።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንባቸው በጆሮ ግንዳቸው ወረደ።

"እስከ ፀደይ መራመድ የለም ብለውኛል" አሉ።

እስከ ፀደይ። ሁለት ውሻ፣ ስምንት ጭቃማ እግር። ኖሪን ልትጮህ ፈለገች። "ይሁና" አለች በቁጣ፣ "ምን አደርጋለሁ። ብቻ እርስዎ ይግቡልኝ።"

"እሺ፣ እገባለሁ" አሉ ሽማግሌው።

ነርሷ አልጋውን ለመግፋት ተዘጋጀች። "አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደውል?" አለቻቸው። "የሚቀርብዎት ሰው ማነው?"

ሽማግሌው እጃቸውን ከአንሶላው ስር አውጥተው ወደ ኖሪን ጠቆሙ። "እሷ" አሉ።

"ስሟስ?"

ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀላ።

"ይቅርታ አድርጊልኝና" አሉ ወደ ኖሪን ዞረው፣ "ስምሽን ማን ልበል?"