በአመድ የታጠበችው አውሮፕላን

መካኒኩ ምንይሉ ከብቸና ሞጣ ሲደርስ፣ ትንሿ የፀረ አንበጣ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ሜዳው ላይ እንደ አዲስ ድስት ታብረቀርቃለች። ደሙ ፈላ። ውጭ ስለምትከርም ዝገት እንዳይበላት ብሎ፣ የመከላከያ ዘይት በየመጋጠሚያዋ ረጭቶ ነበር የሄደው።

«ማነው የነካት?»

«እኛ ነን» አሉ ከሜዳው አጠገብ የሚኖሩት እማማ አስቻለች ኮራ ብለው። «አንበጣውን ያጠፋችልን እሷ አይደለችም? እንግዳ እንዲህ አድፋ ትቀመጣለች? ከጎረቤት ሴቶች ጋር በአመድ ፈገፈግናት።»

«እማማ፣ ያጠባችሁት እድፍ አይደለም፤ ልብሷን ነው የገፈፋችኋት። አመዱ ራሱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ክንፏ ቢበላ አብራሪው ነው የሚሞተው።»

«ታዲያ ይሄን ሳትነግረን ለምን ሄድክ?» እሳቸውም ተቆጡ። «አቆሽሸህ ትተሃት፣ እኛን ትቆጣለህ?»

እውነታቸውን ነው፤ ምንይሉ ሲሄድ ለሜዳው ዘበኛ እንኳ አልነገረም ነበር።

ሴቶቹ በጀሪካን ውሃ አመላለሱለት። አመዱን ከየመጋጠሚያው አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይቱን እንደገና ረጨ። እማማ አስቻለች ቡናማውን ቅባት በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆና ልትቆይ ነው?»

«ልትቆይ ነው። ማንም አይንካት።»

«እንግዲያው ሸራ አልብሳት» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «የሞጣ ሰው እንግዳ አያያዝ አያውቅም እንዳይባል።»