የሰባት ቀሚስ ልክ

«አባቴ ስለ እኔ ነግሮህ ያውቃል?»

ጥያቄው የመጣው በስፓኒሽ ነው። የላከችው ደግሞ ልብስ ሰፊው አይቷት የማያውቃት የወንድሙ ልጅ ናት፤ ባለፈው ዓመት ባሕር ማዶ የሞተው የታናሽ ወንድሙ ልጅ። ጥያቄውን ስልኩ ተርጉሞለታል። መልሱን ግን ለስልክ አልተው አለና፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ የጀማሪ ሰዋስው መጽሐፍ ገዝቶ ከስፌት መኪናው አጠገብ ዘረጋ።

ሚስቱ ቁልፍ እየሰፋች ትቀልድበታለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተማርክ፣ የኔ ተማሪ?»

«በነሱ ቋንቋ ዕቃው ሁሉ ወንድና ሴት አለው። እጅጌ ሴት ናት፤ ትከሻ ወንድ ነው።»

«ቀሚስስ?»

«ወንድ።»

«በል እንግዲያ ራስህ ልበሰው!»

ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ወንድሙ ስለ ልጅ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይህን ምን ብሎ ይጻፍላት?

«አዎ በላትና ተገላገል» አለችው ሚስቱ፣ ቀልዷን ትታ። «አንድ ቃል ናት።»

መጀመሪያ የተማራት ቃል ነበረች። ሦስት ጊዜ ጻፋት፤ ሦስት ጊዜ አጠፋት። ነገ «ምን ብሎ ነገረህ?» ብትለውስ?

በአምስተኛው ሳምንት ቁጥር ላይ ደረሰ። በሜትሩ ላይ ጣቱን እያስኬደ በስፓኒሽ ሲቆጥር፣ እጁ ድንገት ቀጥ አለ። ወንድሙ በየዓመቱ ይደውል ነበር። «አንድ የሴት ልጅ ቀሚስ ስፋልኝ፣ ልኩን ያዝ።» «የማን ናት?» ሲለው፣ «የሰው ናት፤ ዝም ብለህ ጻፍ» ይለዋል፤ እሱም ሰፍቶ ይልክለታል።

የልክ ደብተሮቹን ከመደርደሪያ አወረደ። ሰባት ዓመት፣ ሰባት ቀሚስ። ትከሻ ሃያ ሰባት፣ ቁመት ስልሳ አምስት። በዓመቱ ትከሻ ሃያ ስምንት ተኩል፣ ቁመት ሰባ። አንዲት ልጅ ደብተሩ ውስጥ ስታድግ ኖራለች።

«እሷ ናት!» አለች ሚስቱ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

«የሌላ ልጅ ቢሆንስ?»

«የማን ሊሆን?»

«እሱን አይደል የማላውቀው!»

ለመጻፍ ሌላ ሳምንት ፈጀበት። «አባትሽ ስምሽን አልነገረኝም። እነዚህን ቁጥሮች ነገረኝ።» ከሥሩ ሰባቱን ልኮች ደረደረ። መጨረሻ ላይ «ያንቺ ናቸው?» ብሎ ጠየቃት።

ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ ላከው።

«እጅጌዋን ሴት አደረግካት?» አለችው ሚስቱ፣ ፊቱን ልታስፈታው።

«አድርጌያታለሁ።»

ክር መርፌ ውስጥ አስገባና ስፌቱን ቀጠለ። ቀትር ላይ መልእክቱ መነበቡን ስልኩ አሳየው። መልስ ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ አልመጣም።