ቤቱን አማቴ ይለኩት

ጣሪያው ብቻ ቢሆን ምን ገዶኝ፣ ጣሪያ ይቀየራል፣ ዝገቱን አውርዶ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ነው፣ ኮርኒሱ ላይ የተንጣለለው የውሃ እድፍም ቀለም ሲያገኝ ይጠፋል፣ ወለሉ ግን፣ ይኼ ጣውላ፣ በረገጥኩት ቁጥር ያቃስታል፣ ያቃስት፣ እኔም ጠዋት ስነሳ አቃስታለሁ፣ ማንም ገንጥሎ አልጣለኝም። ባሌ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መሃል ቆሟል። ቤት የሚገዛ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው ብሎ ማን እንዳስተማረው እንጃ። አጠገቡ ግንበኛው፣ ዘመዳችን ነው ብሎ ያመጣው፣ የማን ወገን ዘመድ እንደሆነ እስካሁን አልተጣራም፣ ግድግዳውን በጣቱ አንጓ እየመታ ያዳምጣል። ችግር የለም። ስንጥቁ ችግር የለም፣ እርጥበቱ ችግር የለም፣ የመብራቱን ሽቦ አይጥ በልቶታል እኮ፣ ችግር የለም እህቴ በአዲስ ነው። ምንም ችግር ከሌለ አንተን ለምን ጠራንህ።

ሻጩ ሽማግሌ ቁልፉን ሰጥተውን ወጥተዋል፣ እስቲ ተመካከሩበት ብለው፣ ስመለስ መልሳችሁን እሰማለሁ ብለው። ጨዋ ሰው ናቸው። ኮሪደሩ እንደሚያስጠላ ሳንጠይቃቸው ነገሩን፣ ጠባብ ነው ልጆቼ፣ ጨለማ ነው፣ አባቴ እንዲህ አድርጎ ነው የሰራው። እውነታቸውን ነው፣ ከመግቢያው እስከ ኩሽናው ድረስ ጥብቅ ያለ እጅጌ ነው የሚመስለው፣ ክፍሎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረውበት። ባሌ ገና እንዳየው ነው ሞት የፈረደበት። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል፣ ይኼ መፍረስ አለበት፣ ግራ ቀኙን አውርደን አንድ ሰፊ ሳሎን፣ ዘመናዊ አኗኗር ክፍት ቦታን ይፈልጋል፣ ይለኛል፣ ስልኩ ላይ ካየው ቪዲዮ ቃል በቃል። እማ ደግሞ ጓሮ ያለችው ክፍል ታድሳላት፣ ለብቻዋ፣ በጸጥታ።

ጓሮ። በጸጥታ። ማን ነው ጸጥታ የጠየቀው፣ ሴትየዋ እንደሆኑ ጸጥታ ሲሆን ሰው የሞተ ነው የሚመስላቸው።

አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ይምጡ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ምን ያደርግላታል አታይ አለኝ ልጃቸው፣ እንዴት አቅልሎ ነው የሚናገራት፣ ክፋት የለውም፣ ወንድ ልጅ የሚፈራውን ነገር እንደዚህ ቶሎ ብሎ ነው የሚያልፈው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ብርሃንና ጨለማ ቢለዩ ነው፣ ከአልጋ እስከ በር በእኔ ክንድ፣ ከበር እስከ መታጠቢያ በእኔ ክንድ፣ እኔ ስፌት ቤት ስውል ካስቀመጥኳቸው ቦታ አይነሱም። አሁን የተከራየነው ቤት ሳሎኑ ሜዳ ነው። አንድ ቀን ድንገት ስመለስ መሃሉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ወንበሩም ሩቅ ግድግዳውም ሩቅ፣ እጃቸውን ትንሽ ዘርጋ አድርገው፣ ስንት ሰዓት እንደቆሙ እንጃ። ምን እያደረጉ ነው እማማ። ቆሜያለሁ፣ መቆም ተከለከለ እንዴ። ስቄ ክንዴን ሰጠኋቸው፣ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለሴት ልጃቸው ሲደውሉ ሰማኋቸው። በሩ ላይ ነበርኩ፣ ልሰማ ብዬ አይደለም፣ እሺ ይሁን፣ በኋላ ልሰማ ብዬ ቆየሁ። እነሱ ቤት ሲገዙ እኔ አንቺ ጋ እመጣለሁ፣ አዲስ ኑሮ ላይ ሸክም አልሆንባቸውም፣ ለመርፌ እንዳትነግሪያት። መርፌ እኔ ነኝ። ገና ሙሽራ ሆኜ ስገባ ነው ያወጡልኝ፣ በሙያዬ መስሎኝ ነበር፣ ለካ በምላሴ ነው። ያን ጊዜ አይወዱኝም ነበር፣ እኔም አልወዳቸውም፣ አሁን ማታ ስገባ ኮቴዬን ሰምቶ ዛሬ ማን አናደደሽ የሚለኝ ሌላ ሰው የለኝም። ቢሄዱ እኔ ምን እሆናለሁ። ልጃቸው ያለችበት ከተማ ሩቅ ነው፣ እንደሚሄዱ ሰው ሲሰማ አማቷን ገፋች ይላል፣ ይበል፣ የሰው ወሬ አይደለም ሆዴን የሚያባባው። እወዳቸዋለሁ። ነግሬያቸው አላውቅም፣ ብነግራቸው ምን ፈልገሽ ነው ነው የሚሉኝ።

ግንበኛው ጠመኔ አውጥቷል፣ የሚፈርሰውን ምልክት ሊያደርግ ነው። እኔም ሰፊ ሳሎን እወዳለሁ፣ አልዋሽም፣ መስኮቱ ስር የስፌት መኪናዬን በሃሳቤ አስቀምጫለሁ፣ መጋረጃውንም ሰፍቼ ሰቅያለሁ። ግን ቆይ። ስፌት ቤት እኮ የልብሱ ባለቤት ሳይለካ ጨርቅ አልቆርጥም፣ ልኬን ታውቂዋለሽ ብሎ ቢልክብኝም ራሱ ይምጣ ነው መልሴ፣ ሰው ይከሳል፣ ይወፍራል፣ ትከሻው ይወርዳል። እዚህ ሶስታችን ቆመን መቀስ አንስተናል፣ እሳቸው በረንዳ ላይ ናቸው።

ቆይ፣ ጠመኔውን ያዘው እለዋለሁ፣ እወጣለሁ። ይነሱ እስቲ እማማ። ወዴት። ቤቱን ይለኩት። እኔ ቀሚስ አሰፋሁ እንዴ። ይነሱ ብያለሁ። እቺ ሴት እንግዲህ፣ ይነሳሉ፣ ክንዴን ይይዛሉ፣ ደፉን እናልፋለን፣ ኮሪደሩ አፍ ላይ ስንደርስ ትከሻዬ ግድግዳውን ይመታል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ይቆዩ፣ እኔ ልቅደምና እጅዎን ልያዝ፣ እላለሁ፣ ክንዴን ለቀውታል።

ግራ እጃቸው ግራው ግድግዳ ላይ። ቀኝ እጃቸው ቀኙ ላይ። ክርናቸው እንኳ አልተዘረጋም፣ ልካቸው ነው፣ አምላኬ፣ ይሄዳሉ፣ መጀመሪያ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ቀጥሎ እያነሱ፣ ብቻቸውን ሲሄዱ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፣ ቁመታቸው ይኼን ያህል ነበር እንዴ። እዚህ በር አለ ይላሉ። እዚህም ሌላ። ይኼ ግድግዳ ዝናብ መትቶት ልብሱን ያልቀየረ ሰው ነው፣ ርሷል፣ ማነው ግንበኛ ነኝ ያለው። ግንበኛው ግድግዳውን እንደገና ይዳብሳል። ባሌ እጁ ከወገቡ ወርዷል፣ የእናቱን ጀርባ እያየ ዓይኑ ሞልቷል፣ እንዳላየሁ እሆናለሁ፣ እንዲህ ሲሆን ነው የምወደው። ይኼ ግድግዳ አይነካም ይላል ለግንበኛው፣ ቀስ ብሎ። ይኼም። ይኼ ሁሉ። እና ምን ልሰራላችሁ ነው ይላል ግንበኛው። እርጥበቱን፣ ሽቦውን፣ ጣሪያውን፣ መቼ አነሰህ፣ እለዋለሁ።

ሳሎኔ ሄደ። ይሂድ፣ የስፌት መኪናዋ ጓሮ ትገባለች፣ ጸጥታ ለእሷ ይሁን።

ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ እማማ የሉም፣ ደርሰዋል፣ ልሮጥ ስል ከኩሽናው ውስጥ ድምፃቸው ይመጣል። መርፌ። አቤት። የእኔ አልጋ የትኛው ክፍል ነው የሚገባው።

ባሌን አየዋለሁ፣ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። የመረጡት ውስጥ፣ እላለሁ። እንግዲያው በሩ አጠገብ ያለውን ይላሉ፣ የሚገባ የሚወጣውን ልስማበት፣ እናንተ ልጆች ስታመሹ የማላውቅ መስሏችሁ ነው።

እሺ እላለሁ። ይስሙን።