የክኒን ሳል

አባንግ ክኒኑን ያቆመችው የሰው አፍ ፈርታ ነው። በጋምቤላ ከተማ በአንዲት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን፣ የደገኛውን ሰባኪ የጸጋአብን አማርኛ ወደ አኙዋክኛ የምታስተረጉመው እሷ ነበረች፤ ክልሉ ገና ክልል ሳይባል ጀምራ። ታዲያ አዲስ የደም ግፊት ክኒን በጀመረች በሁለተኛው ወር ደረቅ ሳል ያዛት። ሳል ደግሞ በዚህ አገር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ቲቢ። አክታዋ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ነጻ ነሽ ተባለች። ማን ሊሰማ! የጉባኤው ሽማግሌ ኦቻላ፣ "እህቴ፣ ሳሉ እስኪለቅሽ ትንሽ ዕረፊ" አላት። ዕረፊ ማለት ከመድረክ ውረጂ ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ክኒኑን ጣለች። በሦስት ሳምንት ሳሉ ለቀቃት። ልትመለስ ስትል ግን ራሷን ይፈልጣት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ሲስተር ፀዳለ ብትለካት፣ ሁለት መቶ ዐሥር በመቶ ሃያ።

"እማማ፣ ምን ነካዎት? ሊሞቱ ነው እኮ!"

"ክኒን ነው ያሳለኝ። ተውኩት።"

ፀዳለ ተቆጣች። ከዚያ የግፊት መለኪያውን የጎማ ቱቦ በጣቶቿ ጨበጠችው።

"ይህ የደም ሥርዎ ነው እንበል። ሰውነትዎ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን አለ፤ አንጂዮቴንሲን ይሉታል። ደም ሥርን እንዲህ ጭብጥ ያደርጋል። መንገዱ ሲጠብ ግፊቱ ይወጣል። ክኒኑ ሆርሞኑ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ደም ሥሩ ይላላል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ሳሉ የክኒኑ ጣጣ ነው፤ ወደ ማንም አይጋባም።"

"ሌላ ክኒን የለም?"

"ይህን ከመጀመርዎ በፊት ያለንን ሁሉ ሞከርን፤ ግፊትዎ አልበገር አለ።"

አባንግ ተናደደች። በፀዳለ አይደለም። የገዛ አካሏ ሊያንቃት፣ የገዛ ወገኗ ሊያወርዳት፣ እሷ ደግሞ ለሁለቱም አንገቷን ልትደፋ! እዚያው ውሃ ለምና ክኒኑን ዋጠች።

"ይምጣ ሳሉ!" አለች። "እኔ አልሞትም።"

ወር ሳይሞላ ግፊቷ መቶ ሠላሳ አምስት በሰማንያ አምስት ሆነ። ሳሉም ተመለሰ። እሑድ ሰባኪው ሲነሣ እሷም ተነሥታ ከጎኑ ቆመች። በእሷ ቦታ የተመደበው ኦሉም መንገድ ለቀቀላት፤ ኦቻላ ከፊት ወንበር አፈጠጠባት።

ጸጋአብ፣ "እግዚአብሔር መልካም ነው" ብሎ ጀመረ።

አባንግ ሳለች። ከፊት ያሉት ሴቶች ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር። ስለ ሆርሞኑ፣ ስለ ደም ሥሩ፣ ስለ ሦስቱ ምርመራ በአኙዋክኛ አወረደችው።

"ይህ ሳል እኔን ያኖረኛል እንጂ እናንተን አይገድልም። ያላመነ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። ከዚህ ግን አልወርድም!"

ጸጋአብ አኙዋክኛ አይሰማም። ግራ ገብቶት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እህት አባንግ፣ እኔ እኮ ያልኩት ሦስት ቃል ነው።"

"እኔ ሦስት ወር ዝም አልኩ" አለችው፤ ደግማም ሳለች፤ አፏን ሳትሸፍን። "አንተ ቀጥል። እግዚአብሔር መልካም ነው፤ ነግሬያቸዋለሁ።"