ከጀርባ የተነሣው ፎቶግራፍ

ኻሚስ ፎቶግራፍ ማንሣት ከጀመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር፤ እሱን ቢጠይቁት ግን ያልተማረው ነገር አልቀረም። አንድ ግሪክ ነጋዴ ወባ አሸንፎት ወደ ካርቱም ሲመለስ ካሜራውን ከነሣጥኑ፣ ከጥድፊያ ትምህርት ጋር ትቶለት ሄዷል። ኻሚስ በሙያው ወርቅ መዛኝ ነው። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ወርቅ ሳይሳሳት የሚመዝን ሰው በመስታወትና በሣጥን ይሸነፋል ብሎ ማሰብ አልፈለገም።

ያን ቀን ጠዋት ዕቃውን ሁሉ አሶሳ ባለው ቤቱ ደጃፍ ሰሌን ላይ ዘርግቶ ይመርጥ ነበር። አህያውን ባለፈው ክረምት የቆላ ዝንብ ጨርሶበታል፤ ሆሞሻ የሚሄደው በእግሩ ነው። ሚስቱ ዓዲላ በሰፋችለት የፍየል ቆዳ ስልቻ የገባው ይሄዳል፣ ያልገባው ይቀራል።

«ከሦስቱ ዐደሳ የትኛውን ልያዝ?» አላት። በዐረብኛ የካሜራው ሌንስና ምስር በስም ዘመዳሞች ናቸው።

«ቶሎ የሚበስለውን» አለች ዓዲላ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ኻሚስ መሳቅ አልወደደም። ትንሿ ሌንስ ሰፊ ታያለች፤ መንደሩን ከነዛፉ ትሰበስባለች፣ ሰው ግን ጉንዳን አክሎ ይወጣል። መካከለኛዋ ጠርዟ ተሰንጥቋል። ትልቁ፣ ባለ ናሱ፣ ለፊት የተሠራ ነው። ይከብዳል፤ ግን የቅንድብ ፀጉር ያስቆጥራል። «ሰው የሚታወቀው በፊቱ ነው» አለና ናሱን በጨርቅ ጠቅልሎ ስልቻው ውስጥ ከተተው።

«ትንሿንም ያዛት። ከእንቁላል አትከብድ።»

«ለአንድ ፊት አንድ ይበቃል። በእሷ ቦታ አንድ ተጨማሪ የመስታወት ሰሌዳ ይገባልኛል።»

ፎቶ በጨለማ የሚታጠብበትን ቀይ ፋኖስ ትቶ ቀዩን ብርጭቆ ብቻ ወሰደ፤ ኩራዝ የትም አይጠፋም። የማጠቢያ ሳህኖቹንም ተዋቸው፤ ሳህን የሌለው ቤት የለም። ጥቁሩ ጨርቅ፣ ሁለቱ የማጠቢያ መድኃኒት ጠርሙሶችና የፎቶግራፉ ወረቀት ግን ምትክ የላቸውምና ገቡ። ዓዲላ ባለሦስት እግሩን መቆሚያ አይታ «ይሄስ ይቅር፤ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው» አለችው። «ድንጋይ ቁመቱን አይለውጥልኝም» ብሎ ትከሻው ላይ ጣለው። በዚህኛው እንኳ ልክ ነበር።

ሆሞሻ የምትጠብቀው ኡምኩልሱም ናት፤ አገሩ ሁሉ ኻላ፣ አክስቴ ይላታል። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት ባሪያ ፈንጋዮች የአራት ዓመት ልጇን አልአሚንን ነጥቀዋት ሄዱ። አሁን ከካርቱም ማዶ ኦምዱርማን ያለ አንድ ወጣት፣ በሲራራ ነጋዴው በዓብዱልባሲጥ በኩል፣ «ከሆሞሻ መንገድ የተወሰድኩ ነኝ፤ እናቴ ከሆንሽ ምልክት ላኪልኝ» ብሏል። ኻሚስ የተጠራው ለዚሁ ምልክት ፎቶግራፏን ሊያነሣ ነው። ኻላም ከእሱ ምልክት ትሻ ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ጎረምሶች ልጅሽ ነኝ እያሉ መጥተውባታል፤ አንደኛው ሳምንት በልቶ ሁለት ፍየል ነድቶባት ሄደ። ሦስተኛውን ለመቀበል ልቧ ፈራ፤ እንዳትመልሰውም ፈራች።

ኻሚስ ሲደርስ ዓብዱልባሲጥ ግመሎቹን ለመጫን ጥቂት ነበር የቀረው። ፈጥኖ ካሜራውን አቆመና ኻላን በርጩማ ላይ አስቀመጣት። ናሱን አየች፣ ተነሣች፣ ጀርባዋን ሰጠችው።

«ኻላ፣ አስቀየምኩሽ?»

«ፊቴን ምን ያደርግለታል? ከፈንጋዮቹ ሁለት ዓመት ስንሸሽ ትከሻዬ ላይ በሸክም እንጨት ነው የተሸከምኩት። እሱ ከኋላ ቅርጫት፣ ማሽላው ከፊት። ልጄ የሚያውቀው ጀርባዬን ነው።»

ኻሚስ ይህ እንዴት እንዳልታየው ገርሞት ቆመ።

ኻላ የሸክም እንጨቷንና ሁለቱን ቅርጫቶች አወጣች። ከፊት ማሽላ ሞላች። ለኋላው ድንጋይ ትፈልግ ጀመር፤ አንዱን አንሥታ ጣለች፣ ሌላውን አንሥታ ጣለች። አራተኛውን አቅፋ ቆመች። «ይሄን ያክል ነበር» አለች። የኻሚስ ዐይን እንባ ሞላ፤ ጥቁሩን ጨርቅ ቶሎ ጭንቅላቱ ላይ ጣለ።

በናሱ ውስጥ ከኻላ ጆሮና ከእንጨቱ ቁራጭ በቀር ምንም አይገባም። ትንሿ ሌንስ አሶሳ ሰሌን ላይ ናት፤ ይህን ዓዲላ ባትሰማው ይሻላል። ኻሚስ ግን እግር አለው። ካሜራውን ታቅፎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጅረቱን ተሻገረ፣ ማዶ ዳገቱ ላይ ሲደርስ ጀርባዋ፣ እንጨቱ፣ ሁለቱም ቅርጫቶች ገቡለት። «እንዳትንቀሳቀሺ» ብሎ ጮኸና አነሣ።

የቀረው ጥድፊያ ነበር። ጎጆ ውስጥ በቀዩ ብርጭቆ ብርሃን ሰሌዳውን አጠበ፤ ወረቀቱን ከመስታወቱ ጋር ገጥሞ ፀሐይ ላይ አሰጣ። ምስሉ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ወጣ። ዓብዱልባሲጥ ጠቅልሎ በደረቱ ከተተውና ሄደ።

ከሦስት ወር በኋላ ዓብዱልባሲጥ ተመለሰ። ኻሚስም ወሬውን ሊሰማ ሰሌዳውን ይዞ ሆሞሻ ወረደ።

«ልጁ ብዙ አየው» አለ ዓብዱልባሲጥ። «ጀርባዋ ነው አለ። ቅርጫቴ ነው አለ። አንድ ነገር ግን ከንክኖታል። ‘እንጨቱን ለምን በግራ ትከሻዋ አደረገችው? በቀኝ ነበር። ከቅርጫቱ ሆኜ የማየው ቀኝ ጆሮዋን ነበር’ ይላል።»

ኻላ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «በግራ ተሸክሜ አላውቅም» አለች። «ያን ቀንም በቀኝ ነበር።»

ኻሚስ መስታወቱን አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሣው፤ አገላብጦ አየው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ወረቀቱን ሲገጥም ሰሌዳውን በጀርባው አዙሮት ኖሯል፤ ቀኙ ግራ ሆኖ ወጥቷል።

«ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኻላ። ገልብጬዋለሁ።»

«ወረቀቱ ግራ አለው፣ እሱ ቀኝ አለ» አለች ኻላ። «ይህን ማን ሊነግረው ይችላል? ልጄ ነው።»

«ከሚቀጥለው ጉዞ ጋር ይመጣል» አለ ዓብዱልባሲጥ።

ኻላ ብዙ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። ኻሚስ በበኩሉ ከስልቻው አዲስ ወረቀት አወጣ። «ላንቺም አንድ ይኑርሽ። አሁን አስተካክዬ አወጣልሻለሁ።»

ኻላ እጁን ያዘችው።

«እንዳታቃናው» አለች። «ልጄ የመጣልኝ በዚያ በኩል ነው።»