ወንበር የሚሞላ ሰው

ወርቅውሃ የመኪናውን በር እንኳ ሳትዘጋ በቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ መሃል ሮጠች።

"ሐጂ ሸኩር! ነገ ሰው ካልሰጡኝ አለቀልኝ!"

ሐጂ ሸኩር የየቡ አካባቢ ቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሰው ስለጮኸባቸው አይደነግጡም።

"ኤጋ ልጄ፣ እንግዲህ ሰላምታ ይቀድማል" አሉ፣ ቡናውን ማገላበጣቸውን ሳያቆሙ።

አፈረችና እንደ ደንቡ ደኅንነታቸውን ጠየቀች። ከዚያ ሆዷ ውስጥ ያለውን ዘረገፈችው። ወርቅውሃ የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ናት። በየቢሮው ተበታትኖ የነበረውን የአረጋውያን ድጋፍ፣ የአካል ጉዳተኞች መታወቂያ፣ የሕፃናት ክትትል፣ ሁሉንም ስንት ደጅ ጠንታ ከተማው ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር አድርጋዋለች። ጎበዝ ናት፤ ግን ማዕከሉን የከፈተችው ቡና በሚለቀምበት ወር ነው። በዚህ ወር ከየቡ እስከ አጋሮ ለሠርግ እንኳ ሰው አይገኝም። ነገ ደግሞ ከዞን ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ባዶ ወንበር ካዩ ማዕከሉን ዘግተው ሠራተኞቹን መበተናቸው ነው።

"ለግማሽ ቀን ብቻ መጥተው ቢቀመጡልኝ" ስትል ለመነች።

ሐጂ ሸኩር በኦሮምኛ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በየአልጋው ዙሪያ ለሚሠራው ሰው ተናገሩ። ከየአልጋው አጫጭር መልስ መጣ። ከወላይታ ለለቀማ የመጣችው ታቢታ ናት በአማርኛ የነገረቻት።

"እንመጣለን እትዬ። ሁላችንም።"

"ቡናውስ?"

"ካልተገላበጠ ይሻግታል። ምን ይደረግ።"

"ዳዶ ነው" አሉ ሐጂ ሸኩር። "ስትጠሪን እንመጣለን፤ ስንጠራሽ ትመጫለሽ። የተጠራ ሰው ቡናዬ አይልም።"

ወርቅውሃ ዙሪያዋን ቃኘች። ዓመት የለፉበትን ቡና ለእሷ ወንበር ሊያሻግቱት ነው፤ ያውም ሳያቅማሙ። ስትሮጥ ያላየችውን ያየችው ያኔ ነው። ዋንዛው ጥላ ሥር አንዲት ዓይነ ስውር አዛውንት የለቃሚዎቹን ልጆች ሰብስበው ተረት ይነግራሉ፤ የታቢታ ሕፃን ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ሁለቱም እግሮቻቸው የማይታዘዙላቸው አባባ ኩመራ፣ ለቁመታቸው ዝቅ ተደርጎ በተሠራ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው የተበላሸውን ፍሬ ይለቅማሉ። አራስ የሆነች ሌላ ሴት ደግሞ ጥላ ውስጥ ነው ሥራዋ።

"ማነው እንዲህ ያደራጀው?"

"ማንም" አሉ ሐጂ ሸኩር። "ኩመራ ቤቱ ብቻውን ከሚከፋው ብለን በየተራ ተሸክመን አመጣነው። ሌላውም እንደዚያው ነው፣ አልሐምዱሊላህ።"

እሷ በስንት ስብሰባ ያላገኘችው ነገር እዚህ ያለ ስብሰባ ቆሟል። ተደነቀች፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የገባች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አማራት።

የታቢታ ሕፃን ሳለ። ደረቅ፣ የቆየ ሳል ነው።

"ሐኪም አይቶታል?"

"ከተማ ለመሄድ ቀን ይፈልጋል እትዬ። ቀን ከየት ይመጣል?"

ወርቅውሃ ሕፃኑ እስኪረጋጋ ጠበቀች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ማዕከሉ ውስጥ ብቻውን ወንበር ወደሚደረድረው ረዳቷ ደወለች።

"ዕንባቆም፣ ነርሷንም ማኅተሙንም ሠራተኛውንም ይዘህ ወደ ማኅበሩ ቡና ማድረቂያ ና። እስከ ለቀማው ማብቂያ እዚህ ነን።"

"እንዴ! የነገዎቹ እንግዶችስ?"

"እነሱም እዚሁ ይምጡ።"

"ማዕከሉን ባዶ ካዩት እኮ ይዘጉብናል!"

ዞር ብላ ሰዉን አየች። ነገ ለእሷ ሊመጡ ስለሆነ የቻሉትን ያህል ዛሬ ለመጨረስ እጃቸውን አፍጥነዋል።

"እነሱ እስኪዘጉት አትጠብቅ" አለች፣ "አንተው ቆልፈህ ና።"