ከርዕሰ አንቀጹ ትይዩ

ጋዜጣ ቤቱ ውስጥ አንጋፋውን አዘጋጅ ሁሉም «ጋሽ ትይዩ» ይላቸዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጁት ከርዕሰ አንቀጹ ትይዩ ያለውን ገጽ ነዋ! አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ወንበር ስበው ያስቀምጡትና ይጀምራሉ።

«ይሄ ገጽ ድሮ የሐዘን ማስታወቂያ ነበር። ኋላ አንድ ጨዋ አዘጋጅ መጣና፣ በግራ እኛ ከተናገርን በቀኝ የውጭ ሰው ይመልስልን አለ። ስሙም ከዚያ መጣ። የቤቱ ሰው አይጽፍበትም፤ ዘመዱም አይጽፍበትም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ባለፈው ሰኞ ርዕሰ አንቀጹ የከተማውን የቧንቧ ውሃ መበከል የደበቁት የላቦራቶሪ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወጣ። ከሠራተኞቹ አንዷ የጋሽ ትይዩ የገዛ ልጅ ናት። ልጅቷ ደግሞ ውሃው መበከሉን ሦስት ጊዜ ለአለቆቿ በጽሑፍ አመልክታ ሰሚ ያጣች! በማግስቱ የማመልከቻዎቹን ቅጂ ለርዕሰ አንቀጹ ከጻፈችው መልስ ጋር አያይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ሐሙስ ጠዋት ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ከዚያ በፊት ካልወጣ ከሥራ መባረሬ ነው።»

አነበቡት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዓመት አንዴ እንኳ አይደርሳቸውም።

«ልጄ፣ ዛሬ አንቺን ካወጣሁ ነገ ማንን እከለክላለሁ? ጽሑፉ ተተይቦ የሚደርሰኝን ጡረተኛውን መምህር እይ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲጽፍ አንድም ቀን ደጃችንን አልረገጠም። የውጭ ሰው ማለት እሱ ነው።»

«ደንቡ ከእኔ በለጠ?»

ወረቀቱን መለሱላት። ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዋና አዘጋጁ ጉንፋን ጥሏቸው ቤት ስለዋሉ ርዕሰ አንቀጹን በሾፌር ላኩ። ሌላ ጊዜ ፖስታውን የምትከፍተውም፣ ጽሑፉን የምትተይበውም የዋና አዘጋጁ ጸሐፊ ነበረች፤ የዚያን ቀን ፈቃድ ላይ ናት። ጋሽ ትይዩ ራሳቸው ከፈቱት። ሁለት ጽሑፍ ወጣ። አንዱ ርዕሰ አንቀጹ ነው። ሌላው «ከጡረተኛው መምህር» ይላል፤ የላቦራቶሪ ሠራተኞቹ ይቀጡ ባይ ነው። ሁለቱም በአረንጓዴ ቀለም፣ በዋና አዘጋጁ እጅ የተጻፉ፤ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር!

ወይ ጉድ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውዬው በግራ ተናግሮ በቀኝ ለራሱ ሲያጨበጭብ፣ እሳቸው ደጅ ይጠብቁ ነበር። ደጁ የተዘጋው በልጃቸው ላይ ብቻ ነው።

ለልጃቸው ደወሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«ልጄ፣ ጽሑፍሽን አምጪው! ለነገ አወጣዋለሁ!»

«አሁን ከኮሚቴው መውጣቴ ነው፤ አባረውኛል» አለች። «ደግሞስ እንዴት ታወጣዋለህ አባዬ? ዘመድነታችን ቀረ እንዴ?»

መልስ ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።